ከመፍቻው በፊት ጥያቄው

ክረምት ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ አሁን ገና ጋብ ብሏል። ግቢ ውስጥ የቆመችው ኮሮላ ዲኤክስ ቁልፍ ሲዞርላት «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው በር ላይ ቆመዋል። ጎረቤት ወጣና «ባትሪው ሞቷል» አለ። ዘበኛው ቀረብ ብለው «የለም፣ ሞተሪኖው ነው» አሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሹፌር ደግሞ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ካንዴላ ቀይሩላት» ብሎ ሄደ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ወጪ። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ግን አንዳቸውም መኪናዋን አልጠየቋትም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው መኪናን ስለ መጠየቅ ነው። አሮጌ መኪና ኮምፒውተር የላትም፤ ስትታመም ግን ሕመሟን አትደብቅም። በድምፅ፣ በጠረን፣ በጭስ ቀለም፣ በፔዳሉ አረጋገጥ ትነግራችኋለች። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ለጠየቃት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመውረዱ በፊት እጁ ላይ ይገኛል።

ምሳሌዬን ዲኤክስን ያደረግሁት ብዙዎቻችን ስለምናውቃት ነው። ቶዮታ ይህችን አራተኛ ትውልድ ኮሮላ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነበር። 1,290 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ ካርቡሬተር፣ ከኋላ የሚገፋ ጎማ፤ ይኸው ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉ ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ ሞተሪኖ ትንሽ ሞተር፤ ማርሚታ ድስት። ትርጉማቸውን ስታውቁ ዕቃዎቹ ራሳቸው የሚሠሩትን መናገር ይጀምራሉ። ሻማዋ ታቀጣጥላለች፤ ትንሹ ሞተር ትልቁን ይቀሰቅሳል፤ ድስቱ የጭሱን ጩኸት በሆዱ ያፍናል።

«አልነሳም» ሁለት በሽታ ነው

መኪና አልነሳም ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? «እህህህ» እያለ እየዞረ የማይቀጣጠል ከሆነ አንድ በሽታ ነው። ጭራሽ የማይዞር ከሆነ ሌላ በሽታ ነው። የጠዋቷ ዲኤክስ አልዞረችም። እንግዲያው ካንዴላ፣ ቤንዚን፣ ካርቡሬተር ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ነጻ ወጡ ማለት ነው። ያልዞረ ሞተር ውስጥ ካንዴላ ምን ልታቀጣጥል? አያችሁ፣ ገና መፍቻ ሳንይዝ ከሦስቱ ምክሮች አንዱ ወደቀ።

ሁለተኛው ጥያቄ የፊት መብራት ነው። መብራቱን አብሩና ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉ። መብራቱ ድርግም ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ገመዱ በደንብ አልያዘም። «ጠቅጠቅጠቅ» እያለ በፍጥነት የሚደጋገም ድምፅም የሚናገረው ይህንኑ ነው። መብራቱ እንደ ደመቀ ቆይቶ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ትእዛዙ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ የቁልፉን ማብሪያና ከሱ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ተከተሉ። መብራቱ ብዙም ሳይደክም አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ብቻ ከተሰማ ግን ትእዛዙ ደርሷል፣ ኃይሉ ነው ያልደረሰው፤ ወይ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች አልቀዋል፣ ወይ መንገድ ላይ ሌባ አለ።

ይህን ሌባ ለመያዝ ትንሽ መልቲሜትር ያስፈልጋችኋል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሊኖረው የሚገባ መሣሪያ ነው እላለሁ። ያረፈ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ በግማሽ ተራቁቷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ቁልፍ ሲዞር ደግሞ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም።

አሁን ወደ ሌባው። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አሳርፉና ቁልፉ ይዙር። ሁለቱ በወፍራም ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበባችሁ ገመዱ፣ ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» የሚባለው፣ ኃይሉን እየበላው ነው። ለምን እንዲህ ጥቂት ዝገት ይህን ያህል እንደሚጎዳ ማስላት ይቻላል። ሞተሪኖ ሲነሳ 150 አምፔር ሊስብ ይችላል። ዝገቱ የሚፈጥረው እንቅፋት 0.02 ኦም ብቻ ቢሆን፣ 150 ሲባዛ በ0.02 ሦስት ቮልት ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ለሬዲዮና ለመብራት የሚበቃ ገመድ ለሞተሪኖ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ያወቅሁት ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት መኪናዬ «ጠቅ» ስትልብኝ ባትሪ ቀየርኩ። ለሁለት ቀን ተነሳች፤ በሦስተኛው ቀን ያው «ጠቅ»። ችግሩ ማሳው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት አንድ የዛገ ቡሎን ነበር። ተፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ተፈቀ፤ ተመልሶ ጠበቀ። አሥር ደቂቃ ፈጀ። አሮጌው ባትሪ ምንም አልሆነም ነበር።

የባትሪ ገመድ ስትፈቱ ሁልጊዜ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ ስታስሩ ደግሞ እሱን መጨረሻ አድርጉ። መፍቻችሁ ሳታስቡት የመኪናዋን ብረት ቢነካ የእሳት ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። መኪናዋ ከተነሳች በኋላም ባትሪው ላይ ድጋሚ ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ላይ ተኝቶ ከቀረ መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ እዩ፤ ዲናሞው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን እየቀቀለው ስለሆነ ሬጉሌተሩን አስመርምሩ።

ሦስቱ ጉልቻዎች

እንግዲህ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይቀጣጠልም እንበል። ድስት ያለ ሦስት ጉልቻ አይቆምም፤ የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። አንደኛው ጉልቻ ብልጭታ ነው፤ ሁለተኛው በልኩ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፤ ሦስተኛው እመቃ፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን አምቆ የሚይዝበት ኃይል። አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይወድቃል። ሥራችን የቱ እንደጎደለ ማወቅ ነው።

ብልጭታን ለማየት አንድ ካንዴላ ፍቱ፣ ገመዷ ላይ መልሳችሁ ሰኩ፣ ብረቷን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ቁልፉ ይዙር። በእጃችሁ አትያዟት፤ እጀታው በጎማ የተሸፈነ ፒንሳ ተጠቀሙ፤ እዚያ ያለው ኃይል ከአሥር ሺህ ቮልት ያልፋል። በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖርም ተጠንቀቁ። ሰማያዊና «ጠጭ» የሚል ብልጭታ ጤና ነው። ቢጫና ፈዛዛ ከሆነ ደካማ ነው። ከናካቴው ከሌለ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ሂዱ። በክረምት ጠዋት መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርጥበት ነው። ክዳኑን አንስታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ስንት መኪና በዚህች ብቻ ተነስታ ሄዳለች! ክዳኑ ውስጥ ጥቁር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ኃይሉ በዚያ እየሾለከ ነውና ክዳኑ ይቀየር። ፑንቲና፣ ማለትም ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋ መገናኛ፣ ያላቸው መኪኖች ላይ ክፍተቷ 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ፊቷ ከተቦረቦረ ማስተካከል ዕድሜዋን በጥቂቱ ያራዝማል እንጂ አያድናትም።

ቤንዚን መድረሱን ማወቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሱና ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ተመልከቱ። የነዳጅ መስጫውን በእጃችሁ ስትስቡት ቀጭን የቤንዚን ጅረት ፊጭ ማለት አለበት። ፊጭ ካለ ቤንዚን ካርቡሬተሩ ድረስ መጥቷል። ካላለ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የነዳጅ ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል፣ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል፣ ወይም ታንከሩ ባዶ ሆኖ ጌጁ እየዋሸ ይሆናል። በዚህ ሰዓት ክብሪትና ሲጋራ ከአካባቢው ይራቁ። ካንዴላዋ በቤንዚን ርሳ ከወጣች ግን ጥያቄው ተገልብጧል ማለት ነው፤ ቤንዚን በዝቷል፣ ሞተሩ ታንቋል። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ይዛችሁ ቁልፉን ስታዞሩ አየር ገብቶ ያደርቀዋል።

ሦስተኛው ጉልቻ እመቃ ነው። በካንዴላዋ ቀዳዳ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመው አራቱን ሲሊንደሮች በየተራ ይለካሉ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ እርስ በርስ መቀራረባቸው ይበልጥ ይናገራል። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በዚያ ቀዳዳ ጨምሩና ድጋሚ ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ የፒስተኑን ፋሻ ስለደፈነለት ነው፤ ያለቀው ፋሻው ነው ማለት ነው። ከፍ ካላለ ቫልቮቹ በደንብ አይዘጉም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን ማሸጊያ፣ ተበልቷል። በአንድ ማንኪያ ዘይት «ሞተር ይውረድ» እና «ቴስታታ ይፈታ» በሚሉት ሁለት ፍርዶች መካከል ትለያላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ሐኪም ምላስ አሳየኝ እንደሚለው ሁሉ የሞተር ምላስ ካንዴላዋ ናት። ጫፏ ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል፤ ዘይት የነካው ጥቁር ዘይት ወደ ማቃጠያው መግባቱን። ነጣ ብላ የተቃጠለች ከመሰለች ቤንዚን አንሷል ወይም ሙቀት በዝቷል። አራቱንም በየሲሊንደራቸው ተራ ደርድራችሁ እዩ፤ ከጓደኞቿ የተለየችው ካንዴላ ሕመሙ የትኛው ሲሊንደር ላይ እንዳለ ታሳያችኋለች።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ልዩ የሆነ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ በሰጠው ቀዳዳ ልክ ቤንዚን ያፈሳል፤ አየሩ ግን ስስ ነው። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ ቤንዚን የሚያበዛ ሞተር፣ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚያቃስት ጉልበት። ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ የጠፋው በከፍታው ብቻ ነው፤ የትኛውም ጥገና አይመልሰውም። ቤንዚን መብዛቱን ግን የሚያውቅ መካኒክ አነስ ያለ ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) በማስገባትና ሚኒሞውን (ሞተሩ ፔዳል ሳይረገጥ የሚዞርበትን ልክ) በማስተካከል ያርመዋል።

ይህን ማወቅ ከብዙ ወጪ ያድናል። «ደክማለች፣ ሞተሯ አልቋል» ከመባሉ በፊት ካርቡሬተሩ ለዚህ ከፍታ ተስተካክሎ እንደሆነ ጠይቁ። ለከፍታ የተስተካከለች መኪና ወደ ድሬዳዋ ስትወርድም፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነችና፣ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩም ይሞቃል። ብዙ ጊዜ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ለመካኒካችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጭሱም በዚህ መንገድ ይነበባል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጡ ከበዛ ፋሻውን፣ ቁልቁለት ወርዳችሁ እንደገና ስትረግጡ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎሚኒዎቹን (የዘይት ማሸጊያ ጎማዎቹን) ጠርጥሩ። ጠዋት ጠዋት ታይቶ ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጭስ ተራ እንፋሎት ነውና አያስጨንቃችሁ። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ፣ በተለይ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

ስትፈላ

አሁን ደግሞ ብዙ ሞተር የሚገድለው ችግር። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል እንጂ 100 አይደርስም፤ ባቄላ ቶሎ የማይበስልልን ለዚህ ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም መኪና ቀኑን ሙሉ አይፈላም?

መልሱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ያ ተራ የሚመስለው ክዳን ውሃውን በግፊት ይይዘዋል። ብዙዎቹ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ውስጡን ከውጭው አየር በላይ በ0.9 ባር ያህል ይጭነዋል ማለት ነው። በዚያ ግፊት ውሃው እዚህ ከፍታ ላይም እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ሞላው ደክሞ ግፊቱን ካልያዘ ግን የመፍያው ነጥብ ወደ 92 ይወርዳል፤ ያኔ ምንም ሌላ ጉድለት የሌለበት ሞተር ይፈላል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ክዳኑ ቢበላሽ እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ያለው ትርፍ ይቀረዋል። እኛ ያ ትርፍ የለንም። ስለዚህ ስትፈላ በመጀመሪያ የሚቀየረው ከሁሉ የረከሰው ዕቃ፣ ክዳኑ ነው፤ በትክክለኛው ቁጥር።

ቀጥሎ ቴርሞስታት። ብዙ ሰው «እዚህ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ግን ሲበርደው ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ያረጃል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። መጣሉ ቀርቶ ይፈተን። ሞተሩ በቀዘቀዘ ሰዓት አውጥታችሁ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በሽቦ አንጠልጥላችሁ ጣዱት። 82 የተጻፈበት በዚያ ሙቀት አካባቢ መከፈት ይጀምራል። እዚህ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በፋብሪካው መመሪያ ይህ ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኛ ድስት 92 ላይ ይፈላል። ስለዚህ በግማሽ ተከፍቶ ቢቆም ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍረዱበት። የሚጣለው ጭራሽ ያልተከፈተው ነው።

ከዚያ የቬንትሌተሩን ቺንጋ መጥበቅ፣ የራዲያተሩን ፊት፣ የውሃ ፓምፑን እዩ። ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የውስጡ ማሸጊያ አልቋል። የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር ውስጡ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ነጭ ነገር ይጋግራል፤ ኩላንት ሁልጊዜ ይሻላል።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም የምትፈላ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱና ውሃውን ተመልከቱ። ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ካለ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ካያችሁ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ማስነሳት የለባችሁም። ቴስታታው ሲፈታ ደግሞ ጓርኒሲዮን ብቻ ተቀይሮ አይመለስ፤ ፊቱ መጣመም አለመጣመሙ ይለካ። ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያነሰ መጣመም አዲሱን ጓርኒሲዮን ለማቃጠል ይበቃል።

መንገድ ላይ ብትፈላባችሁ ቁሙ። የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ብትከፍቱት ሙቀቱን በከፊል ይወስድላችኋል። ክዳኑን ግን በትኩሱ በፍጹም አትክፈቱ፤ በግፊት ተይዞ የነበረው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ፍሬን፣ ቀጠሮ የማይሰጠው

እስካሁን ያየነው ችግር ሁሉ ቢከፋ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል። ፍሬን ግን እንዲህ አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ «ነገ አሳያለሁ» የለም።

መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠና የፍሬን ዘይቱም ካልቀነሰ ዋናው ፓምፕ ውስጡ ያሉት ጎማዎች አልቀዋል። ዘይቱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ከአራቱም ጎማዎች በስተጀርባ ርጥበት ፈልጉ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰና ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከጠነከረ ውስጡ አየር አለ። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው በኩል ነው፤ ወደ ግራ የጎተተችው በቀኝ በኩል ያለው ፍሬን ስላልሠራ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፍሬን ላይ ቆማችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፈሳሹ ቦታ ላይ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየርና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት ተይዞ መውረድ።

ሌሎቹ ድምፆች

የቀሩትን በአጭሩ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የማትፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። እጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ዲስኩ አልቋል። ማርሽ ገብቶ ስትነሱ «ጓ» የሚል ድምፅ ከሥር ከመጣ ክሮቸራውን (የኃይል ማስተላለፊያውን ዘንግ መጋጠሚያ) አስመርምሩ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምርና ስትታጠፉ የሚለዋወጥ ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው። መሪው በእጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ጎማው ባላንስ ይደረግ፤ ካልተሻለው ቴስቲናዎቹ (የመሪው መጋጠሚያዎች) ይፈተሹ። ከሥር ለማየት ስትገቡ ደግሞ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግላት፣ ጎማዎቿም ይታገዱ።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ

በመጨረሻ ልለምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። መኪናዋ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አስቀምጡ። ዘይት የተቀየረበትን ቀን፣ የባትሪውን ቮልት፣ የአራቱን ሲሊንደሮች እመቃ፣ አዲስ የሰማችሁትን ድምፅና መቼ እንደሰማችሁት ጻፉ። «ይጮኻል» ከሚል ይልቅ «ሲበርድ፣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ፣ ከ40 በላይ ስሄድ ይጮኻል» የሚል ባለ መኪና ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል። መካኒካችሁም አንድ ዕቃ ይቀየር ሲላችሁ በአክብሮት «እንዴት አወቅህ?» በሉት። ጥሩ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ የለካውን ያሳያችኋል፣ የሰማውን ያሰማችኋል። መልስ ከሌለው ዕቃው ገና አይገዛ።

የጠዋቷ ዲኤክስ የተነሳችው በብርጭቆ ወረቀት ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ነጭ ዝገት ተጋግሮ ነበር፤ ተፍቆ ጠበቀ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ሞተሩ ተቀጣጠለ። ልጆቹም ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደረሱ።